በካሴት የመጣ መርዶ

ሰዎች ሂፕ ሆፕ መውደድ የት እንደጀመርኩ ሲጠይቁኝ ብዙ ጊዜ "ልጅ ሆኜ፣ ሰቆጣ" ብዬ አልፋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። የሰቆጣ ልጅና ሂፕ ሆፕ ምን አገናኛቸው ብሎ ነው። እኔም ነገሩ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ከሌለኝ አልጀምረውም። ዛሬ ጊዜ አለኝ። እናንተም ካላችሁ ስሙኝ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያውን የሂፕ ሆፕ ዘፈን የሰማሁት የወንድሜ የኪሮስ መርዶ ነው ተብሎ ነው።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል ነኝ። አባታችን ሞቷል። እናቴ ገበያ ላይ በርበሬና ጨው ትቸረችራለች። ኪሮስ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ከቤት ከወጣ ሰባት ወሩ ነው። በሰባት ወር ውስጥ አንድም ወሬ አልመጣም። እናቴ ግን ሻይ ስታፈላ እንኳ በሦስት ሰው ልክ ነበር ውሃ የምትጥደው።

ከእኛ ሌላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልታውቋቸው የሚገባ ዋናዋ ሰው እትዬ ዝማም ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አልቃሽ ናቸው። በአገራችን አልቃሽ ማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚጮህ ሰው ማለት አይደለም። ሟቹን በግጥም የሚያነሣ፣ የደረቀውን ዓይን የሚያስለቅስ ባለሙያ ነው። እትዬ ዝማም ሲፈልጉ በአማርኛ፣ ሲፈልጉ በኽምጣና ያወርዱታል። እኔ ተቀባያቸው ነበርኩ። እሳቸው ሲያወርዱ ከኋላ ሆኜ እቀበላለሁ። ሙያውን ሊያወርሱኝ አስበው ኖሮ መንገድ ላይ ያስተምሩኝ ነበር።

"መጀመሪያ ስሙን ጥሪ" ይሉኛል። "ከዚያ የአባቱን፣ ከዚያ አገሩን። ስም የሌለው ሙሾ የለም፤ ስሙ ያልተጠራ ሟች እንዳልተቀበረ ቁጠሪው። ጠርተሽ ስታበቂ ደግሞ ዝም በይ። ሰዉ የሚያለቅስበት ቦታ ስጪው።"

ሌላ ልታውቁት የሚገባ ነገር፣ ያኔ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች ደብዳቤ አይጽፉም ነበር፤ ወላጆቻቸው አያነቡማ። ድምፃቸውን ካሴት ላይ ቀድተው ይልካሉ። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት፣ ጎረቤት ወረዳ ደሃና ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ካሴት ቢመጣ፣ ልጃችን ነው ብለው ሲከፍቱት ጓደኛው እያለቀሰ መሞቱን የሚያረዳ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ካሴት በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ መርዶ ይሆን እያለ ይፈራል።

ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አንድ ነጋዴ መጣ። እናቴ እህቷ ታማባት ዝቋላ፣ የእኛው የዋጉ ዝቋላ፣ ሄዳለች፤ እትዬ ዝማም እኔን ሊጠብቁ እኛ ቤት ሰንብተዋል። ጎረቤታችን አያ ሞላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ደጃችን መደቡ ላይ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ነጋዴው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ፣ "ወልዲያ ላይ ከጅዳ የመጣ ሰው ነው የሰጠኝ። የኪሮስ ነው፣ ለእናቱ አድርስልኝ አለኝ" አለ።

"ልጁን አይቶታል?" አሉ አያ ሞላ።

"እኔ ምኑንም አልጠየቅሁት። መኪናው ሊነሣ ነበር" አለና አህያውን ነድቶ ሄደ።

እትዬ ዝማም የተቀበሉትን ፌስታል ፈተው ካሴቱን አገላብጠው አዩት። ምንም አልተጻፈበትም።

"እማ ስትመጣ እንክፈተው?" አልኩ።

"አይሆንም" አሉ አያ ሞላ። "እናት ሳትሰማ እኛ መስማት አለብን። የደሃናውን ረሳሽው?"

ኪሮስ ትቶት የሄደውን ቴፕ ከሣጥኑ አወጣሁት። ባትሪ ድንጋዩ ውስጡ የከረመ፣ አሮጌ ነው። ካሴቱን ከተትኩና ተጫንኩት።

መጀመሪያ የመጣው ጩኸት ነው። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ በሽተኛ ይዞ ሲከንፍ የሚያሰማው ዓይነት። እትዬ ዝማም ደረታቸውን ያዙ። ቀጥሎ ከበሮ ገባ። እንዲህ ያለ ከበሮ ሰምቼ አላውቅም፤ ቴፑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አንድ ወንድ መናገር ጀመረ።

ዘፈን አይደለም። ዘፈን እናውቃለን፤ ገበያው ሁሉ ዘፈን ነው። ይሄ ሰውዬ ግን አይዘፍንም፣ ይናገራል። በከበሮው ላይ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ እየተቆጣ፣ ቃሉ ሁሉ መጨረሻው ላይ እየገጠመ። ከኋላው አንዲት ሴት እያልጎመጎመች ትቀበለዋለች። እኔ እትዬ ዝማምን እንደምቀበላቸው፣ ልክ እንደዚያ!

"ምን ቋንቋ ነው?" አሉ አያ ሞላ።

"የዚያ አገር ይሆናላ" አሉ እትዬ ዝማም፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። "ዝም በል እስቲ ልስማው።"

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እኔ እሳቸውን እያየሁ ነው። ስንት ለቅሶ አብሬያቸው ውያለሁ፤ ፊታቸው እንዲያ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛው ዘፈን እንደጀመረ ባትሪው መድከም ጀመረ። የሰውዬው ድምፅ እየወፈረ፣ እየጎተተ፣ እየዘገየ ሄደ። ሊሞት የሚያጣጥር ሰው መሰለ። ከዚያ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ።

እትዬ ዝማም ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

"ይሄ ሰው ሞቶበታል" አሉ። "ቋንቋውን አላውቀውም፣ ሙያውን ግን አውቀዋለሁ። ይሄ አልቃሽ ነው። ወዳጁ የሞተበት አልቃሽ ነው።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ፣

*ባሕሩን ተሻግሮ ከእናቱ ርቆ፣*
*ወሬው ብቻ መጣ ካሴት ላይ ተጣብቆ።*

አያ ሞላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ መቀበል ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

በእኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። በተለይ ለእናት። ዘመድ በምስጢር ይጠራል፣ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባል፣ ሊነጋ ሲል ተያይዞ ሄዶ በሯ ላይ ይቆማል። ያኔ ማንም ምንም ሳይናገር ታውቀዋለች። እናቴ ማታ ትገባለች። ስለዚህ ነገ ንጋት ላይ እንዲሆን ወሰኑ። አያ ሞላ ዘመድ ሊያስጠሩ ወጡ። እትዬ ዝማም ሊያለቅሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ለወንድማቸው ልጅ የሚሆን ግጥም ሊያሰናዱ። እኔን "አደራ፣ ለእናትሽ ፊትሽን እንዳታሳያት" ብለው አስጠነቀቁኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ያደረግሁትን ግን ልንገራችሁ። ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ በጥርሴ ነከስ ነከስ አደረግኋቸውና ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው። ያኔ ባትሪ ሲያልቅ እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ካሴቱን በእስክሪብቶ እያሽከረከርኩ ወደ መጀመሪያው መለስኩት። እውነቱን ለመናገር ለምን እንደሆነ አላውቅም። የወንድሜን መርዶ ደግሜ ልስማ ብዬ ይሁን፣ ወይስ ያንን ከበሮ ፈልጌው፣ ዛሬም አልለየሁትም።

ሁለት ሰዓት ያህል ካሰጣሁ በኋላ በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። አሁን እትዬ ዝማም የሉም፣ የሚጨነቅ ፊት የለም። እኔና ሰውዬው ብቻ ነን። ያኔ ነው የሰማሁት። ቃል በቃል ላይ ሲደርብ፣ አንዱን ሐረግ ሰብሮ ሌላው ላይ ሲወድቅ፣ ከበሮውን ቀድሞት ሄዶ ቆሞ ሲጠብቀው! አንድ ሰው በአፉ ብቻ ይህን ሁሉ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ፀጉሬ ቆመ። እትዬ ዝማም በሕይወታቸው ምርጥ ቀን አሥር ስንኝ ያወርዳሉ፤ ይሄ ሰው በአንድ ትንፋሽ አሥር ያወርዳል። አንዲትም ቃል ሳይገባኝ፣ የሚለውን ሁሉ የማምነው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩና በድንጋጤ ብድግ አልኩ። ትከሻዬ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ወንድሜ ሞቷል እየተባለ ትከሻዬ ይንቀሳቀሳል! በጥፊ ራሴን ልመታ ምንም አልቀረኝ። ቴፑን አጠፋሁት። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስንት ለቅሶ ቤት ውያለሁ፣ ትከሻዬ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ደግሞም ሰውዬው ሰው የሚያለቅስበት ቦታ አልተወም። ደግሞም ኪሮስ ብሎ አልጠራም። ኪሮስ የሚለው ስም በየትኛውም ቋንቋ ኪሮስ ነው፤ ብሰማው አውቀዋለሁ። ስም የሌለው ሙሾ የለም ያሉኝ ማን ናቸው?

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ታደለ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ደግ፣ ግን የሬዲዮውን ባትሪ ለማንም የማይሰጥ። ቴፑን ታቅፌ ሄድኩና ነገሩን ነገርኩት። አዘነ። ቴፑን ስንከፍተው የእኔ ባትሪ ሁለተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ዳግም ስለደከመ የራሱን ከሬዲዮው አወጣ፤ ይህ ለእሱ ትልቅ መሥዋዕትነት ነው። ሦስተኛው ዘፈን ጀመረ። ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጠፈ።

"እንግሊዝኛ ነው" አለ።

"ምን ይላል ቲቸር?"

"ቆይ... ፈጠነብኝ።" ግንባሩ ላብ አወጣ። ሰባተኛ ክፍልን የሚያስተምር ሰው ተማሪው ፊት ሲቸገር ማየት ያሳፍራል፤ ዓይኔን ወደ ምድር ጣልኩ። "'እናት' የሚል አለበት። 'ወንድሜ' ይላል... ደጋግሞ ይላል።" ቀጠለ፣ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ቴፑን አጠፋው።

"ምን አለ?"

"'ሞተ' ይላል። ይህችን ቃል አልሳሳትም" አለኝ። "ስንዱ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።"

ወደ ቤት እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። እናቴ ማታ ላይ አቧራ ለብሳ ገባች፤ እህቷ ተሽሏት ደስ ብሏታል። ከጉያዋ በቅል የያዘችውን ቅቤ አወጣችና መደርደሪያው ላይ ከኋላ ሸሸገችው።

"ለማን ነው?" አልኳት፣ እያወቅኩ።

"ለኪሮስ ነዋ፣ ሲመጣ።" ከዚያ አየችኝ። "ምን ሆነሽ ነው? ዓይንሽ አብጧል።"

"በርበሬ ነክቶኝ ነው።"

"ያንቺ ነገር!" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የከበደኝ ነገር የለም።

ሊነጋ ሲል ተነሥቼ፣ እናቴ እንዳታየው ቴፑን በነጠላዬ ሸፍኜ አያ ሞላ ግቢ ሄድኩ። ሠላሳ ያህል ሰው ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ ዝማም መሐል ላይ ናቸው፤ ድምፃቸው ከወዲሁ ሰልሏል። ቲቸር ታደለም ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል። እናቴ ከአጥሩ ማዶ፣ ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ቦታ ተኝታለች። አያ ሞላ "በሉ እንነሣ" ሲሉ እግሬ ራሱ ወስዶ እትዬ ዝማም ፊት አቆመኝ።

"እትዬ፣ ስሙን ጠራው?"

"ምን?"

"ያ ሰውዬ። የኪሮስን ስም ጠራው? እርስዎ ሰምተዋል?"

አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። "ልጅቷ ተነክታለች፣ ውሰዷት" አለ ከኋላ አንዱ።

"ስም የሌለው ሙሾ የለም ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አልኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ ግን ንግግሬን አላቋረጥኩም። "እኔ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አልጠራውም። እስከ መጨረሻው ደግሞ ማንም አልሰማውም!"

አስቡት። ሠላሳ ሰው ከእንቅልፉ የጠሩ ሴትዮ ናቸው። አገሩ የሚያከብራቸው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብለው ቢያልፉኝ የሚቃወማቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"አልጠራም" አሉ በመጨረሻ። "እውነቷን ነው። ስም አልሰማሁም።"

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው" አሉ አያ ሞላ። "ክፈቺው።"

"ባትሪ የለኝም" አልኩ። ቲቸር ታደለ የሬዲዮውን ባትሪዎች ከኮቱ ኪስ አወጣ። ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ ነው ይዟቸው የመጣው።

ያንን ንጋት ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ሠላሳ የለቅሶ ልብስ የለበሰ የዋግ ሰው፣ በብርድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሂፕ ሆፕ ሲያዳምጥ። በአንዱ ዘፈን ላይ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው መሬቱን ቀስ ብለው መምታት ጀመሩ፤ ከከበሮው ጋር ገጠመ። ሦስተኛው ሲመጣ እትዬ ዝማም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ይሄስ ሙሾ ነው" አሉ በሹክሹክታ። አራተኛው አለፈ። አምስተኛው መሐል ላይ ቋ! ብሎ ተቆረጠ። ካሴቱ ሽሽሽ አለ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማ፣ እኔ ነኝ። ኪሮስ ነኝ።"

ማንም አልጮኸም። ሁሉም ወደ ቴፑ ጠጋ አለ።

"አለሁ፣ ደህና ነኝ። በግ ነው የምጠብቀው፣ አታስቢ። ስንዱ ትምህርቷን እንዳታቆም። ይሄ ከፊት የሰማችሁት ራፕ ይሉታል። አብሮኝ የሚሠራ የሱዳን ልጅ የሰጠኝ ካሴት ነው። ሁሉን አጥፍቼ ልቀዳበት ነበር። ግን ሳዳምጠው እትዬ ዝማም ትዝ አሉኝ። ከበሮ ላይ እንደሳቸው ነው የሚናገረው። እስቲ ይስሙትና ማን እንደሚበልጥ ይንገሩኝ ብዬ ተውኩት..."

ከኋላችን የጀሪካን መውደቅ ድምፅ ተሰማ። ዞርን። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ የሰው ስብስብ አይታ ገብታ ኖሯል። አጥሩ ሥር ቆማለች። የልጇን ድምፅ ሰምታለች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አይታለች።

"ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም" አሉ እትዬ ዝማም። "ማንም አልሞተም የኔ እመቤት። እኔ አሮጊቷ ተሳስቼ ነው።" ከዚያ እግሯ ላይ ወድቀው ያለቀሱት ለቅሶ፣ ቀኑን ሙሉ ካሰናዱት ግጥም ሁሉ የበለጠ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ካሴት የእኔ ሆነ። እስኪልፈሰፈስ ሰማሁት። እንግሊዝኛ የተማርኩት እሱን ለመስማት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ኮሌጅ ገብቼ መዝገበ ቃላት ሲኖረኝ እያስቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ጻፍኩት። ዛሬ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቃል ሲከብዳቸው ዴስኩን እየመታሁ በምት አስይዛቸዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ሦስተኛውን ዘፈን ጽፌ የጨረስኩ ዕለት ነገሩ ገባኝ። ቲቸር ታደለ የሰማው ልክ ነበር። እትዬ ዝማምም ልክ ነበሩ። ሰውዬው ጓደኛው ተገድሎበት እያለቀሰለት ነው። ስሙንም ጠርቶታል፣ ዘጠኝ ጊዜ። እኔና እትዬ ዝማም ስም መሆኑን አላወቅንም እንጂ።

ለእረፍት ሰቆጣ ስመለስ ሄጄ ነገርኳቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ፈዟል።

"ማን ይባላል?" አሉኝ።

"ማርከስ።"

"ማርቆስ ነዋ፣ የኛው" አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ተነሥተው ለመቀመጥ እንኳ የሚከብዳቸው ሴትዮ ወገባቸውን ቀና አደረጉ።

*ማርቆስ የሰው አገር የሰው ልጅ ወንድሜ፣*
*ስምህን ሳልሰማ አለቀስኩህ ቀድሜ።*

ከዚያ ሁልጊዜ እንዳስተማሩኝ ዝም አሉ፣ ቦታ ሰጡኝ። እኔም ተቀበልኳቸው።